ጨው አልባ ሽሮ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ «ጨው ቀንስ» ይባላል። ከየት ላይ እንደሚቀነስ ግን ብዙም አይነገረውም። መጀመሪያ የሚታሰበው ገበታ ላይ ያለው ጨው ነው። እሱን ማንሳት ቀላል ነው። እኛ ቤት ግን ጨው ያለው በርበሬው ውስጥ ነው፤ ሚጥሚጣው ውስጥ ነው፤ ምጥን ሽሮው ውስጥ ነው። ወጡ ገና ሳይጣድ ጨው ገብቶበታል።

ለመለማመጃ ሽሮን መረጥኩ። ከምንም በላይ የምበላው እሱን ስለሆነ ነው። ክትፎ ይቅርብህ ብባል እችለዋለሁ፤ ድሮስ መቼ መቼ ነው የሚበላው? ሰው የሚከፋው የማክሰኞ ምሳው ሲበላሽ ነው።

ቁጥሩን ላስቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ይሄ ከወጡም ከዳቦውም ከሁሉም ተደምሮ ነው። የታሸገ ምግብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ስለሆነ፣ የጨዉን መጠን ለማወቅ በ2.5 እያባዛችሁ አንብቡት። ማጣፈጫ ኩብ ደግሞ ዋናው ነገሩ ጨው ነው፤ እሱን ከቤት ማስወጣት ብቻውን ትልቅ እርምጃ ነው።

መሥሪያ ቤት አካባቢ ያለች ሽሮ ቤት ገብቼ «ጨው እንዳይጨመርበት» ብዬ አዘዝኩ። አስተናጋጇ አዘነችልኝ። «ጋሼ፣ እኛማ አንጨምርም፤ ሽሮው ውስጥ አለ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተጋቢኖም ሆነ ፈሰስ ዱቄቱ አንድ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከዱቄቱ ነበር።

ዱቄቱ ደግሞ የእናቴ ግዛት ነው። ያለ ጨው አዘጋጂልኝ ስላት «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብላ ተረተችብኝ። ቀጥሎ ቁም ነገሩን ነገረችኝ፦ «ጨው ከሌለው ይነቅዛል ልጄ፣ ብዙ አይዘጋጅም»። ተስማማን። አተርና ሽምብራውን ቆልታ ከካች። በርበሬውን ያለ ጨው ለብቻ አዘጋጀች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ከወትሮው በዛ አድርጋ ጨመረች። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ አንድ ነገር አትርሱ፦ ከእናንተ በፊት የተፈጨው የሰው በርበሬ ቅሪት ወፍጮው ውስጥ ይኖራል። መጀመሪያ የወጣውን ጥቂት ዱቄት ለብቻ ያዙት።

አሁን ወደ ድስቱ። ጨው ሲወጣ የአሠራር ጉድለት ሁሉ ይጋለጣል። ጨው ብዙ ነገር ይሸፍን ነበር፤ በተለይ ያልበሰለ ሽንኩርትን። ሽንኩርቱን በጣም አድቅቄ ያለ ዘይት አቁላላለሁ፤ ሊያር ሲል ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ እስኪሰጥ አልቸኩልም። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ አንድ የተፈጨ ቲማቲም። ቲማቲሙ ውሃው እስኪመጥ ይቆይ። ውሃ ጨምሬ ሲፈላ ሽሮውን በትንሽ በትንሹ እየነሰነስኩ አማስላለሁ። እሳቱን ቀንሼ ይንተክተክ። ቶሎ የወረደ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ይሄን በጨው ማዳን አሁን አይቻልም። ሊወርድ ሲል የተከተፈ ቃሪያና አንድ ዘለላ ጤና አዳም።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን እንጀራው ነው። ይሄን ሳልጠብቀው ነው ያገኘሁት። ጎምዘዝ ያለ ነገር የጨው ጉድለትን ይሸፍናል። የእኛ ጤፍ ሊጥ ውስጥ ጨው አይገባም፤ እርሾ ግን አለ። ባለቤቴን ሊጡን አንድ ቀን እንድታቆየው ለመንኳት። አብሲቱ ዘግይቶ ገባ፤ እንጀራው ጎመዘዘ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ኮመጠጠ» ተብሎ ይወቀስ ነበር። ከዚህ ሽሮ ጋር ግን ልክክ አለ። አፍለኛ እንጀራ ለሚወድ ሰው ይሄ ምክር አይሆንም፤ እሱ ሎሚ ጠብ ያድርግበት።

የገበታው ነገር ከምግቡ ይልቅ አሳስቦኝ ነበር። ለብቻ ሰሃን መብላት የታማሚ ነገር ነው፤ ጉርሻም የለው። አሁን ድስቱ ለሁላችንም ያለ ጨው ይሠራል። ጨውና አዋዜ በልጆቹና በባለቤቴ በኩል ይቀመጣሉ። ትሪው አንድ ነው። ልጄ አንዳንዴ ከአዋዜው ነክራ ልታጎርሰኝ ትሞክራለች፤ እሷን መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ አልጫ አልጫ ብሎኝ ነበር፤ ምላስ ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሽምብራው የቆሎ ጣዕም መምጣት ጀመረ። በሶብላው ለብቻው ይታወቀኛል። ባለፈው ዓርብ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ሽሮዬን ስበላ፣ ስለ ግፊት ያሰብኩት ትሪው ካለቀ በኋላ ነው። በጣም ጣፍጦኝ ነበር። ነገሩ ሲታሰብ ያን ያህል አይገርምም። ሽሮ ራሱ የጾም ንጉሥ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሥጋና ቅቤ ሲከለከል ይሄን ሁሉ ዘመን ሰውን ደስ እያሰኘ የቆየ ምግብ ነው። ክልከላ ያውቃል።

ለምትጀምሩ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሱቅ ውስጥ «ሶዲየሙ የተቀነሰ» የሚባል ጨው አለ። በሶዲየሙ ቦታ ፖታሲየም ስላለበት ኩላሊቱን ለሚያመውና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳትጠይቁ አትግዙት። እኔ አልገዛሁም።

የቀረኝ አዋዜ ነው። ያለ ጨው የተዘጋጀው በርበሬ ተርፏል፤ በጠጅና በነጭ ሽንኩርት ለውሼ ልሞክረው ነው። እናቴ ቶሎ ይበላሻል ብላለች፤ ስለዚህ በትንሽ ብርጭቆ እጀምራለሁ።