«ተ» እና «ከ»

«የጎጃም ልጅ አትመስዪም» ይሉኛል። ማመስገናቸው ነው። ፈገግ ብዬ አልፋለሁ እንጂ ይከነክነኛል።

እውነት ነው፣ አልመስልም። አዲስ አበባ ስመጣ መጀመሪያ የጣልኩት «ተ»ን ነው። እኛ ጋ ሰው ተቤት ይወጣል፣ ተገበያ ይመለሳል። እዚህ ከቤት፣ ከገበያ ነው። ቀይሪ ያለኝ ማንም የለም። ሱቅ ሄጄ «ተዚያኛው ስጠኝ» ስል ባለሱቁ ሳቅ አለ፤ ይኸው በቃኝ።

መቀየሬ አያሳፍረኝም። ሰው አገር ሲለምድ አፉም አብሮ ይለምዳል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ድራማ ላይ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ የክፍለ ሀገር ዘዬ ይሰጣቸዋል፤ ዶክተሩና ጠበቃው የአዲስ አበባ። ለመሆኑ ማን ደልድሎት ነው? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ላይ ተቆረቆረች፤ ትምህርት ቤቱም ሬዲዮውም የእሷን አፍ ያዘ። ዋና ከተማው ጎንደር ላይ ጸንቶ ቢቀር ኖሮ ዜና አንባቢው «ተ» እያለ ያነብልን፣ በ«ከ» ባዩም እንስቅበት ነበር ባይ ነኝ።

ነርስ ነኝ። ባለፈው አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ምን እንደሚያማቸው ስጠይቃቸው «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ነው» ብቻ። የቀረውን ልጁ ይመልስላቸዋል። አነጋገራቸው የአገሬ ነው።

«አባባ፣ ተመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ተየት ነሽ ልጄ?»

«ተማርቆስ ነኝ።»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ተሐምሌ ጀምሮ ጎናቸውን እንደሚወጋቸው፣ ሌሊት እንደሚብስባቸው፣ አንድ አዋቂ ዘንድ ሄደው የሥር መድኃኒት ሲጠጡ እንደከረሙ ሳይቀር ዘረገፉልኝ። ልጁ የመድኃኒቱን ነገር ገና ያኔ መስማቱ ነው፤ ዓይኑ ፈጠጠ። እኔ ካርዳቸው ላይ ጻፍኩት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃቸውም ስለዚያው ነበር።

አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ ግን የሰማችው «ተ»ን ብቻ ነው። «ወይኔ ሲያምርብሽ! እስኪ ድገሚልኝ» አለችኝ። ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ ራሱ ይመጣል። ዓባይን ተሻግሬ ደጀን ስደርስ ደግሞ «ከ» ማለቱ ነው የሚቸግረኝ። በትእዛዝ ግን አይወጣም።

«ቡና ጋብዢኝና አስብበታለሁ» አልኳት። ጋበዘችኝ። አሁንም እያሰብኩበት ነው።