ሊድስ ዩናይትድ፦ ዕዳ ከሜዳ

የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ የሊድስ ዩናይትድ ውድቀት ሲነሳ የሊቀመንበሩ ቢሮ ዓሣዎች አብረው ይነሳሉ። በ2003 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ክለቡን የተረከቡት ፕሮፌሰር ጆን ማኬንዚ ሒሳቡን ሲያገላብጡ ለቢሮ ዓሣ ገንዳ ኪራይ በወር 20 ፓውንድ ገደማ እንደሚወጣ አገኙ። ጋዜጦች ወሬውን ተቀባበሉት፤ ዛሬም ድረስ ይቀለድበታል። ግን በዓመት 240 ፓውንድ የመንደር ቡድን እንኳን አያፈርስም። ሊድስን ያፈረሰው በ2001 የተፈረመው የ60 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ነው። ከብድሩም በላይ ለብድሩ የተሰጠው መያዣ፦ የመጪዎቹ 25 ዓመታት የስታዲየም መግቢያ ገቢ።

ክለቡ ከፍታም ዝቅታም ለምዶታል። በ1919 የተመሠረተው ራሱ ሊድስ ሲቲ የሚባለው ቀዳሚው ክለብ በጦርነቱ ዘመን ለተጫዋቾች ሕገ ወጥ ክፍያ ፈጽሟል ተብሎ ከሊጉ ከተባረረ በኋላ ነው። ዶን ሬቪ በ1961 ሲረከበው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ የሚንገታገት ቡድን ነበር። ማሊያውን እንደ ሪያል ማድሪድ ሙሉ ነጭ አደረገው፤ በ1969 እና በ1974 የሊጉን ዋንጫ አስነሳው። በ1982 ወረደ፣ በ1990 በሃዋርድ ዊልኪንሰን ተመለሰ፣ በ1992 ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው ሻምፒዮን ሆነ። ከዋንጫው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኤሪክ ካንቶናን በ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሸጠ። ይህን የሊድስ ደጋፊ ፊት ባታነሱት ይሻላል።

የኋለኛው ዕድገት ሞተሩ አካዳሚው ነበር። በ1997 የእንግሊዝ የወጣቶች ዋንጫን ያሸነፈው ቡድን ውስጥ ሃሪ ኪዌል፣ ጆናታን ውድጌት፣ ፖል ሮቢንሰንና ስቲቨን ማክፌይል ነበሩ። ትንሽ ቆይቶ አለን ስሚዝ መጣ። ለእነዚህ ልጆች የዝውውር ክፍያ አልወጣም፤ ደመወዛቸውም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበር። ዴቪድ ኦሊሪ በጥቅምት 1998 አሰልጣኝ ሲሆን በእነሱ ተማምኖ 4ኛ፣ በቀጣዩ ዓመት 3ኛ ወጣ። ሦስተኛ ደረጃው ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ አስገባው። በ2000/01 ሊድስ ከኤሲ ሚላንና ከባርሴሎና ምድብ አለፈ፣ ከሪያል ማድሪድና ከላዚዮ ምድብም አለፈ፣ በሩብ ፍጻሜው ዲፖርቲቮ ላ ኮሩኛን በሜዳው 3 ለ 0 አሸንፎ ጣለ። በግማሽ ፍጻሜው ቫሌንሲያ አስቆመው፦ በራሱ ሜዳ ኤላንድ ሮድ ላይ 0 ለ 0፣ ስፔን ላይ 3 ለ 0።

ችግሩ የተጠነሰሰው በዚያው ደስታ መሀል ነው። ሊቀመንበሩ ፒተር ሪድስዴል በኅዳር 2000 ሪዮ ፈርዲናንድን ከዌስትሃም በ18 ሚሊዮን ፓውንድ አመጡ፤ በዚያን ጊዜ ለተከላካይ የተከፈለ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ከሱ በፊት ማርክ ቪዱካና ኦሊቪየ ዳኩር ገብተዋል፤ ከሱ በኋላ ሮቢ ኪን በ12 ሚሊዮን፣ ሴት ጆንሰን በ7 ሚሊዮን፣ ሮቢ ፋውለር በ11 ሚሊዮን ተጨመሩ።

እንዲህ ያለ ግዢ መዝገብ ላይ ሲያዩት አያስደነግጥም። በ18 ሚሊዮን የተገዛ ተጫዋች ሙሉ ዋጋው በአንድ ዓመት ወጪ አይያዝም፤ በውሉ ዘመን ይከፋፈላል። አምስት ዓመት ከፈረመ በዓመት የሚታየው 3.6 ሚሊዮን ነው። ቦርዱ ይህን ቁጥር አይቶ «እንችላለን» ይላል። ጉዱ የሚወጣው ተጫዋቹ ከውሉ በፊት በርካሽ ሲሸጥ ነው። ለምሳሌ በ12 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት የመጣ አጥቂ ከአንድ ዓመት በኋላ መዝገብ ላይ 9.6 ሚሊዮን ያወጣል። በ7 ሚሊዮን ብትሸጡት 2.6 ሚሊዮን ኪሳራ በአንድ ጊዜ ይመዘገባል። ኪን በ2002 ለቶተንሃም የተሸጠው በ7 ሚሊዮን ነው።

ሌላው ዘዴ ሊዝ ነበር። የፋይናንስ ድርጅት ለሻጩ ክለብ ዋጋውን ይከፍላል፣ ሊድስ ደግሞ ለድርጅቱ በየጊዜው ይከፍላል፤ ልክ መኪና በዱቤ እንደሚገዛ። ተጫዋቹ ክፍያው ሳያልቅ ከተሸጠ ከሽያጩ መጀመሪያ የሚወስደው ድርጅቱ ነው። ስለዚህ ጋዜጣው «በዚህን ያህል ሚሊዮን ተሸጠ» ሲል ክለቡ ካዝና የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። ደጋፊው «ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» እያለ ሲጮህ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን 60 ሚሊዮኑ ነው። ወለዱ ከ7 በመቶ በላይ ስለነበር ዋናው ሳይነካ ወለዱ ብቻ በዓመት ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ ያልፋል። መያዣው የትኬት ገቢ መሆኑ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት የክለብ ገንዘብ በዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ በጋ (በሰኔና በሐምሌ ገደማ) ጨዋታ የለም፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል። ያንን ጊዜ የሚያሻግረው የዓመት ትኬት ሽያጭ ነው። ያ ገንዘብ አስቀድሞ ለአበዳሪ የታሰረ ከሆነ ክለቡ በጋውን ለማለፍ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ሌላ መበደር ወይም ተጫዋች መሸጥ።

ዕቅዱ በሙሉ የቆመው በየዓመቱ ሻምፒዮንስ ሊግ እንገባለን በሚል ግምት ላይ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው። በ2000/01 ከእንግሊዝ የሚገቡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሊድስ በ68 ነጥብ 4ኛ ሆነ፣ ሊቨርፑል በ69 ነጥብ 3ኛ። ብድሩ የመጣው ከዚህ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ ማለትም ገቢው መጉደሉ ታውቆ። በቀጣዩ ዓመት በአራቱ ውስጥ መግባት በቂ ሆነ። ሊድስ በ2002 አዲስ ዓመት ዕለት የሊጉ መሪ ነበር። በግንቦት ግን በ66 ነጥብ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ 4ኛው ኒውካስል 71 ነበረው። አምስተኛ ደረጃ ለአብዛኛው ክለብ ድግስ ነው። ለሊድስ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚያች አምስተኛ ደረጃ ውጤት ነው።

ኦሊሪ ተባረረ። ቴሪ ቬነብልስ፣ ፒተር ሪድ፣ ኤዲ ግሬይ በሁለት ዓመት ውስጥ ተፈራረቁ፤ ውሉ ሳያልቅ የሚሰናበት አሰልጣኝ ካሣ ስለሚከፈለው ይህም ሌላ ወጪ ነው። ዕዳው ወደ 80 ሚሊዮን ደርሶ ስለነበር ሽያጩ ተጀመረ። ፈርዲናንድ በ30 ሚሊዮን ገደማ ለማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ፤ በውድ ከተገዙት መካከል ትርፍ የተገኘበት ትልቁ ሽያጭ እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቀሪው የተሸጠው ገዢው ሁሉ ሊድስ እንደተቸገረ ካወቀ በኋላ ነው። ውድጌት በ9 ሚሊዮን ወደ ኒውካስል፣ ኪዌል በ5 ሚሊዮን ወደ ሊቨርፑል ሄዱ። በ11 ሚሊዮን የተገዛው ፋውለር ከ14 ወር በኋላ ለማንቸስተር ሲቲ ሲሸጥ ሊድስ የደመወዙን የተወሰነ ክፍል መክፈሉን ቀጠለ። ለተቀናቃኝ የሚጫወትን አጥቂ ደመወዝ መክፈል ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ተጫዋቹ ውል አለው፣ አዲሱ ክለብ ያንን ደመወዝ አልከፍልም ካለ ልዩነቱን አንድ ሰው መሸፈን አለበት።

ሪድስዴል በመጋቢት 2003 ለቀቁ። በዚያ የውድድር ዓመት ሊድስ ከመውረድ የተረፈው በመጨረሻው ሳምንት ዋዜማ ሃይበሪ ላይ አርሰናልን 3 ለ 2 አሸንፎ ነው። ቪዱካ በ88ኛው ደቂቃ ያስቆጠራት ጎል ሊድስን አተረፈች፤ ዋንጫውንም ለማንቸስተር ዩናይትድ አሳልፋ ሰጠች። የሊድስ ደጋፊ እንዲህ ነው፤ ሲደሰት እንኳን ጠላቱን ይጠቅማል። የዚያ ዓመት ኪሳራ 49.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ተመዘገበ።

በ2003/04 መግዣ ገንዘብ ስላልነበረ ቡድኑ በውሰት ተጫዋቾች ተሞላ። ከሚላን የመጣው ብራዚላዊው ሮኬ ጁኒየር የዓለም ዋንጫና የሻምፒዮንስ ሊግ አሸናፊ ነበር፤ በተሰለፈባቸው ጥቂት ጨዋታዎች መከላከሉ እንደ ወንፊት ሆነ። ተጫዋቹ ስም ነበረው፣ ግን ከጎኑ የሚቆሙት በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ሊድስ 79 ጎል ተቆጥሮበት በ33 ነጥብ ወረደ፤ ግንቦት 2 ቀን 2004 ቦልተን 4 ለ 1 ሲያሸንፈው ነገሩ አበቃ።

መውረድ የቴሌቪዥን ገቢን ይቆርጣል፤ ደመወዙን ግን ውሉ ላይ «ከወረድን ይቀነሳል» የሚል አንቀጽ ከሌለ ማንም አይቆርጠውም። አምስተኛ ደረጃን እንኳን ያላሰበ ቦርድ መውረድን የሚያስብ ውል አያዘጋጅም። ስለዚህ በዚያው በጋ ስሚዝ በ7 ሚሊዮን፣ ቪዱካ በ4.5 ሚሊዮን፣ ሮቢንሰን በ1.5 ሚሊዮን ተሸጡ። አካዳሚው ያፈራው ጄምስ ሚልነር በ18 ዓመቱ ወደ ኒውካስል ሄደ። ያም አልበቃም። በ2004 መገባደጃ የቶርፕ አርች ልምምድ ማዕከልና ኤላንድ ሮድ ራሱ ተሸጡ፤ ስታዲየሙ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ። ክለቡ የራሱን ቤት መልሶ ለመከራየት ለ25 ዓመት ፈረመ።

በጥር 2005 ኬን ቤትስ ገዙት። በ2006 ለመመለስ አንድ ጨዋታ ሲቀረው በዋትፎርድ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ በ2007 ወደ ሦስተኛው እርከን፣ ወደ ሊግ ዋን፣ ወረደ። እዚህ ላይ የተሠራው ነገር ለሕግ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ክለብ በፍርድ ቤት ሥርዓት ለሚሾም አስተዳዳሪ ሲተላለፍ ሊጉ በዚያን ጊዜ 10 ነጥብ ይቀንስበት ነበር። ሊድስ ይህን ያደረገው በግንቦት 4፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀርና መውረዱ የተቆረጠ በሚመስልበት ሰዓት ነው፤ ቅጣቱ የቀነሰው ከማይጠቅም ነጥብ ላይ ነበር። ከዚያ አበዳሪዎች በሚከፈለው ድርሻ ላይ መስማማት አለባቸው፤ በዕዳው መጠን 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ሊድስም ለጥቂት አለፈ። የእንግሊዝ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ግን ተቃወመ። ምክንያት ነበረው፦ በዚያን ጊዜ በሊጉ ደንብ ተጫዋቾችና ሌሎች ክለቦች ዕዳቸው ሙሉ በሙሉ ይከፈል ነበር፣ ግብሩ፣ ፖሊሱ፣ ማሊያ አጣቢውና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪው ግን ከፓውንድ ላይ ሳንቲም ነበር የሚደርሳቸው። ስምምነቱ በሕጉ መንገድ ሳይጸድቅ ክለቡ በመሸጡ ሊጉ በአዲሱ ዓመት መነሻ ላይ 15 ነጥብ ቀነሰበት። ሊድስ ከዜሮ በታች 15 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ 5ኛ ሆኖ ጨርሶ በፍጻሜው የማለፊያ ጨዋታ በዶንካስተር 1 ለ 0 ተረታ። ነጥቡ ባይቀነስ በቀጥታ ያልፍ ነበር።

በ2010 ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፕ፣ ወጣ፤ እዚያ አሥር ዓመት ቆየ። ማሲሞ ቼሊኖ የባለቤትነት ዘመኑን በአሰልጣኝ ማባረር አሳለፈው፤ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ኤላንድ ሮድን መልሰው የገዙት አንድሬያ ራድሪዛኒ ናቸው፤ በ2017፣ በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ በ8 የተሸጠውን። በ2018 የመጣው ማርሴሎ ቢየልሳ ተጫዋቾቹን ለሦስት ሰዓት ቆሻሻ አስለቀማቸው፤ አንድ ደጋፊ ለአንድ ጨዋታ ትኬት ያን ያህል ሰዓት መሥራት እንዳለበት እንዲያውቁ። በ2020 በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆኖ ከ16 ዓመት በኋላ ፕሪሚየር ሊግ ገባ።

በ2023 እንደገና ወረደ። የዚህን ጊዜ ግን ውሎቹ ሌላ ነበሩ። ክለቡ ከወረደ በውሰት የመሄድ መብት የነበራቸው ተጫዋቾች በዚያ በጋ ተበተኑ፦ ሮቢን ኮክ ወደ ፍራንክፈርት፣ ብሬንደን አሮንሰን ወደ ዩኒየን በርሊን፣ ጃክ ሃሪሰን ወደ ኤቨርተን፣ ማርክ ሮካ ወደ ቤቲስ። ደጋፊው «ያለ ምንም ዋጋ ለቀቃችኋቸው» ብሎ ተቆጣ፤ ቁጣው ልክ ነው፣ ውሉ ለተጫዋች ያደላ ነበር። ሆኖም የእነሱ ደመወዝ ከመዝገቡ ስለወረደ ቤት መሸጥ አላስፈለገም። በመጀመሪያው ዓመት በማለፊያ ጨዋታ ፍጻሜ በሳውዝሃምፕተን 1 ለ 0 ተሸነፈ። በሁለተኛው፣ አሮንሰንም ከበርሊን ተመልሶ፣ ዳንኤል ፋርከ ቡድኑን በ100 ነጥብ፣ በርንሌይን በጎል ልዩነት በልጦ፣ ሻምፒዮን አድርጎ አወጣው።