«ሽንኩርት!» ያልኩበት ቀን

ሥራውን ሲጠየቅ በአንድ ቃል የሚመልስ ሰው የታደለ ነው። ሹፌር፣ ነርስ፣ ግንበኛ ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ለእናቴ ሥራዬን ማስረዳት እንዳቃተኝ ኖርኩ።

«ልጁ ራፕ ሲያደርግ መድረክ ላይ አብሬው ቆሜ እላለሁ» ስላት፣

«ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«የመስመሩን መጨረሻ።»

«መጀመሪያውንስ?»

«መጀመሪያውንማ እሱ ይለዋል።»

ቡናዋን ፉት አለችና «እና ለጭራዋ ብቻ ነው የሚከፍሉህ?» አለች።

ይህን ለራፐሩ ስነግረው በሳቅ ሞተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ሥራዬን «ጭራ መያዝ» አልነው።

ፈረንጆቹ ሃይፕ ማን ይሉታል። ስሙ ለእኛ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሠርግ ላይ አውራጅ ሲያወርድ ተቀባዩ የሚቀበለው ለማድመቅ ብቻ አይደለም፤ አውራጁም በመሃል ትንፋሹን ይሰበስባል። ራፕ ደግሞ ከዘፈን ይብሳል። ዘፋኝ በስንኝና በስንኝ መሃል ያርፋል፤ ራፐር ግን ቃል በቃል ላይ ይደረድራል። አስራ ስድስት መስመር እየዘለለ የሚል ሰው ገና አምስተኛው ላይ ሳንባው ባዶ ይሆናል። ያኔ የመስመሩን የመጨረሻ ቃል ሌላ ሰው ከያዘለት በዚያች ቅጽበት አየር ይስባል፤ ሕዝቡ ግን ድምፅ የጎደለ አይመስለውም፣ እንዲያውም ቃሉ የደመቀ ይመስለዋል። ሥራው ይኸው ነው። እጅ ማስነሳቱ፣ ማስጨብጨቡ፣ ፎጣ ማወናጨፉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከሂፕ ሆፕ ጋር አብሮ የተወለደ ሥራም ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ሄርክ ሸክላ ሲያጫውት፣ ኮክ ላ ሮክ የሚባለው ጓደኛው ማይክ ይዞ የወዳጆቹን ስም እየጠራ ቤቱን ያሞቅ ነበር። ኋላ ፍሌቨር ፍሌቭ መጣ። ፐብሊክ ኢነሚ በሚባለው የራፕ ቡድን ውስጥ ቻክ ዲ በዚያ ወፍራም ድምፁ ፖለቲካውን ሲያወርድ፣ ፍሌቭ አንገቱ ላይ ትልቅ ሰዓት አንጠልጥሎ በቀጭን ድምፁ ጣልቃ ይገባል። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ስለሆነ አይጋጩም፤ እኔ ይህ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2013 ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ባለሰዓቱም አብሮ ገብቷል። ጄይ-ዚም ቢሆን ገና ስሙ ሳይሰማ ቢግ ዳዲ ኬን ከሚባል ራፐር ጋር ይዞር ነበር፤ ኬን ልብስ ሊቀይር ሲወርድ መድረኩን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነበር። እኔ ደግሞ በሃያ ሦስት ዓመቴ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የያዝኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ነገ ጄይ-ዚ እሆናለሁ የሚለውን፣ እና ሰዓቱን።

ሰዓቱን ስል እየቀለድኩ አይደለም። የወጥ ቤታችንን የግድግዳ ሰዓት በሰንሰለት አስሬ አንገቴ ላይ አድርጌ ነበር መድረክ የምወጣው። የሰፈር ልጆች «ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል። እናቴም ትለኛለች፤ እሷ ግን የምር ፈልጋው ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጊዜው ጳጉሜ ነበር። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ጋ፣ በብሎኮቹ መሃል ባለው ሜዳ ላይ የአዲስ ዓመት ባዛር ተዘጋጅቶ ነበር። ከተማው እዚያ ጋ ያልቃል፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከዚያ ይጀምራል፤ ነፋሱ ሲዞር የመኪናው ድምፅ እንደ ወራጅ ውሃ ይሰማል። ክረምቱ ገና አልለቀቀም ነበርና ሜዳው ጭቃ ነው። በሸራ ድንኳን ሥር ልብስ፣ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቅቤ፣ በርበሬ ይሸጣል። ዳር ላይ ዶሮ በቅርጫት። ሽንኩርት ግን የለም። ሽንኩርት እንደ ወርቅ የተወደደበት ሰሞን ነበር፤ «ከሰዓት መኪና ይገባል፣ በቅናሽ ይሸጣል» የሚል ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ሲናፈስ ውሏል። ይህን እኔ አላወቅኩም። ባውቅም የሚያገባኝ አይመስለኝም ነበር።

መድረኩ ጣውላ ላይ የተነጠፈ ኮምፖርሳቶ ነው። ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ጄኔሬተር፣ ሁለት ማይክ። ራፐሩ የራሱን ድምፅ የሚሰማበት ሞኒተር የሚባል ነገር አልነበረም። ማይኮቹን ያከፋፈለው የሳውንድ ባለሙያው ነው፤ ዕድሜው ከአባቴ አይተናነስም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ገመድ አልባውን ለራፐሩ ሰጠው፣ ባለገመዱን ለእኔ። ቀጥሎም ሁለት ባትሪ ድንጋይ መዳፌ ላይ አስቀመጠና፣

«አንተ ልጅ፣ ይቺን ኪስህ ክተት። የእሱ ማይክ ላይ መብራቷ ከቀላች እሷን ቀይርለት። ሥራህ ነው» አለኝ።

እሺ አልኩ። ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት። ከዚያ፣ መውጫችን ሲደርስ፣ ጃኬቱ ሰዓቱን ስለሸፈነብኝ አውልቄ ከመድረኩ ጀርባ ጄኔሬተሩ አጠገብ አጥር ላይ ሰቀልኩት። የጥፋቱ ሁሉ ሥር ይቺ ናት። የቀረው ቅርንጫፍ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ጥሩ ሄደ። ሁለተኛው ሰው አመጣልን። ሦስተኛው ራፐሩ ስለ እናቱ የጻፈው ነው፤ ስምንት ወር አብረን ስንሠራው የቆየን። እኔ ለእያንዳንዱ ሥራ ደብተር ነበረኝ፤ የምይዛትን ቃል በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ለዚህኛው ገጹ ላይ የነበረው፦ ሽንኩርት፣ ቤት፣ እራት፣ ሽበት። ከሥራቸው ሌላ አስራ ሁለት ቃል። ይኸው ብቻ።

ቢቱ፣ ማለትም ራፑ የሚባልበት ሙዚቃ፣ ገባ። እኔ ፊቴን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባዬን ወደ እሱ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ያኔ ሃይፕ ማን ማለት ሕዝብ የሚያይ ሰው ይመስለኝ ነበር። ጊዜዬን ቆጥሬ «ሽንኩርት!» አልኩ። ሰው ቀና አለ። «ቤት!» አልኩ። አንዱ ሳቀ። «እራት!» ሳቁ በረታ። «ሽበት!»

ሜዳው ፈነዳ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳቅ አስነስቼ አላውቅም። ወደዱን አልኩ በልቤ፤ ድምፄን ጨመርኩ፤ ዝላዬንም።

ለካ የራፐሩ ማይክ ሞቷል። ልጁ ሞኒተር የለውምና መጀመሪያ አላወቀም፤ አንጀቱ እስኪታጠፍ መስመሩን ያወርዳል፣ አንድም ቃል አይወጣለትም። ከሁለቱ ሞንታርቦ ቢቱና የእኔ ጭራ ብቻ ነው የሚሰማው። አንገቱ ላይ የግድግዳ ሰዓት ያሰረ ጎረምሳ በየአራት ምቱ እየዘለለ «ሽንኩርት! ቤት! እራት! ሽበት!» የሚል ነው ሕዝቡ ያየው። ከኋላ አንዱ «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔ ደግሞ ጥያቄና መልስ የጀመርን መስሎኝ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ዘርግቼ «አልሰማሁም!» አልኩ። «ስንት ነው ኪሎው?» አለ ግማሹ ሜዳ።

ከዳር የነበሩ አራት አምስት እናቶች ግን አልሳቁም። ሽንኩርቱ ገባ ብለው ፌስታልና ዘንቢላቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ከጭቃው ሰብሰብ አድርገው፣ ወደ መድረኩ ይመጡ ነበር። አንዷ ቀድማ ደርሳ እግሬ ሥር ቆመች። ተሰለፈች ማለት ይቀላል፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ከኋላዋ ቆሙ።

በዚህ መሃል ራፐሩ ነገሩ ገብቶት ማይኩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ የእኔን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቶ መጣ። በጎን አየሁት። የሚጨፍር መሰለኝ። በትከሻዬ ገፋ አድርጌው ወደ ሌላው ጫፍ ሮጥኩ። ተከተለኝ። ሸሸሁት። ሰዓቱ ደረቴን እየመታኝ አንድ ዙር ዞርን። ሰዎች ስልካቸውን አውጥተው ነበር።

ሁሉን የገታው ጋሼ ነው። የእኔን ማይክ ከሚክሰሩ ላይ ዘጋው፣ ቢቱንም አቆመው። ድንገት ጸጥ ሲል የራሴ «ሽበት!» ባዶ አየር ላይ ቀረች። ጋሼ ከቦታው ሳይነሳ፣

«ስጠው!» አለኝ። «ድንጋዩስ?»

ማይኩን ሰጠሁና ከመድረኩ ዘልዬ ወረድኩ። ጃኬቴን ከአጥሩ ላይ አንስቼ ኪሱን ስፈትሽ ጄኔሬተሩ ጆሮዬ ላይ ያጓራ ነበር። ራፐሩ ያለ ቢት ግጥሙን እያለው እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ቃሉ ግን አይሰማኝም። የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። ያ ሲስቅ የነበረ ሜዳ ዝም አለ። ትንሽ ቆየና ሰው «ይደገም!» አለ። ሲደግመው፣ ማንም ሳይመራቸው፣ የሴቶች ድምፅ የበዛበት አንድ ወፍራም «ሽበት» ከጄኔሬተሩ በላይ መጣ። ባትሪ ድንጋዩን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

ስመለስ አዘጋጁ ክፍያችን ላይ ቀንሶ ጠበቀን፤ «ግማሹን ዘፈን ማን ሰማው?» አለ። እውነቱን ነው። ጋሼ ገመዱን በክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነበር። ይቅርታ ስለው ቀና ሳይል፣

«ሕዝቡን ምን ታፈጥበታለህ? ሕዝቡ የትም አይሄድብህም። አፉን እይ፣ የልጁን አፍ» አለኝ። ቀጥሎ «ሰዓቷን ደግሞ ለእናትህ መልስላት» አለ።

መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ጎኑ ቆሜ ሠራሁ፤ ሁልጊዜም አንገቴን ወደ እሱ አዙሬ፣ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ እያየሁ። አየር የሚያጥርበትን ቦታ ከእሱ ቀድሜ እስከማውቅ ድረስ። ዛሬ የሠርግ መድረክ መሪ ነኝ፣ ገላንና አቃቂ አካባቢ። ሚዜ ንግግር ሲያደርግ እንኳ ዓይኔ አፉ ላይ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ዘወትር አራት ባትሪ ድንጋይ አለ፤ ሱሪዬን የምታጥብልኝ ባለቤቴ ትማረርበታለች።

የዚያን ዕለት ማታ ግን ታክሲ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ጫማችን በጭቃ ሁለት ኪሎ ሆኗል። ራፐሩ ከቱሉ ዲምቱ ከተነሳን ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም። ተቆጥቷል ብዬ እኔም ዝም አልኩ። ግማሽ መንገድ ላይ፣

«ሁለተኛዋ መስመር ላይ ምንድን ነው የምለው?» አለኝ።

«ቤት!» አልኩ፣ ቶሎ።

«ከቤት በፊት።»

አሰብኩ። ስምንት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን «ቤት» ብያለሁ። ከእሷ በፊት ያለው ለእኔ ቆጠራ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቤት። የእናቱን ሽሮ ስንቴ በልቻለሁ፤ ከሰል ላይ እጇን እያሞቀች «ልጆቼ» ስትለን ሰምቻለሁ፤ ልጇ ስለ እሷ ያለውን ግን አላውቅም።

«አላውቀውም፣ ወንድሜ» አልኩት።

አልተቆጣም። መስኮቱን እያየ፣ ለብቻው እንደሚናገር፣

«እማዬ ከጉሊት ተሸክማ ሽንኩርት፣
ከአፏ ላይ ቀንሳ ስትቆጥብ ለቤት፣
‹ዘንድሮ ይደርሰናል› ስትለን በእራት፣
እጣው ሳይወጣላት ወጣባት ሽበት» አለ።

ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ዘወር ብለው አዩትና ተመልሰው ዞሩ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ከአራቱ ቀይ ቃላት በፊት ያለው ቦታ ባዶ ነበር። በስልኬ መብራት «እማዬ ከጉሊት» ብዬ ስጀምር ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ቃሊቲ! መጨረሻ ነው፣ መጨረሻ!» አለ።