ዝናብ ሳይዘንብ የሞላው ወንዝ

ሥራዬ ማውንት ሬኒየር ብሔራዊ ፓርክ ቱሪስት ማመላለስ ነው። የሲያትል አበሻ ይህን ተራራ ከሩቅ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ሲጠራ ከሬኒየር ጎዳና ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከፍታው 4,392 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ብዙም አያንስም። ትልቁ ልዩነት በረዶው ነው። ሬኒየር ከ25 በላይ የበረዶ ግግሮች ተሸክሟል። ኒስኳሊ፣ ካርበን፣ ዋይት የሚባሉት ወንዞች ከእነዚህ ግግሮች ሥር ነው የሚነሱት።

ኦገስት ላይ ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ያሉበት ቤተሰብ ይዘን ሄድን። ቢሮው ባወጣው ፕሮግራም መሠረት፣ ባልደረባዬ ጋሼ ረፋድ ላይ ኩገር ሮክ የሚባለው የድንኳን ሰፈር ጋ ኒስኳሊን አሻግረው ካርተር ፏፏቴን ሊያሳዩዋቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ድልድዩ አንድ የተጠረበ ግንድ ነው፣ በአንድ ጎኑ መደገፊያ ያለው። እኔ መኪናው ጋ ቀረሁ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሲመለሱ ወንዙ ሌላ ሆኗል። ጠዋት ግራጫ የነበረው ውሃ ቡናማ ሆኖ ግንዱን ይመታል። ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም።

ከመሃላቸው አንድ ወጣት ሊሻገር ተነሳ። ኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ "ዝናብ የለም እኮ፣ ከዚህ በላይ አይሞላም" ብሎ ነበር። ጋሼ ክንዱን ያዙት። "የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር ፀሐይም ጎርፍ ታመጣለች" አሉት። እናቱ ግን ድምፁን እንደሰሙ ነው የቆሙት። የአዋሽ ዳር ሰው ናቸው፤ ደራሽ ውሃ ያለ ደመና እንደሚመጣ ከልጅነታቸው ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ቀን ያሟሟችው በረዶ ከላይ ተነስቶ ታች ሲደርስ ይመሻል። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ወንዙ ጎህ ሲቀድ ያንሳል፣ ወደ ማታ ይሞላል። አንዳንዴም ግግሩ ውስጥ የታቆረ ውሃ በድንገት ይፈነዳል፤ ያኔ ጭቃና ቋጥኝ እየጠራረገ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1947 እዚሁ ፓርክ ውስጥ ካውትስ ክሪክ በሚባለው ጅረት የወረደው ናዳ መንገዱን ቀብሮታል። ያደረቃቸው ዛፎች ዛሬም ከመንገዱ ዳር ይታያሉ።

ስልክ አይሠራም፣ ጩኸትም አያሻግርም። ጋሼ እጃቸውን ወደ ሽቅብ ቀሰሩ፣ ከዚያ መሪ እንደሚያዞር ሰው አደረጉ። ገባኝ። ያው የእግር መንገድ በዚያኛው ዳር ካርተር ፏፏቴን አልፎ፣ ናራዳ የሚባል ሌላ ፏፏቴ ጋ ከአስፋልቱ ይገናኛል። መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ዳገት ነውና ብዙ ቆዩ። እናትየው የልጃቸውን ትከሻ ይዘው፣ ፀሐይ ሳትገባ ብቅ አሉ። ሁሉም ደህና ነበሩ፤ እፎይ አልኩ።

ጋሼ በማግስቱ ቢሮ ገብተው ፕሮግራሙን አስቀየሩ። አሁን ወንዝ የሚያሻግር ጉዞ ሁሉ በማለዳ ነው፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ሰው ሁሉ ወደዚህኛው ዳር ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ በመኪና የሚደረስባቸውን ናራዳንና ከእሱ በላይ ያለውን ፓራዳይዝ የሚባል ቦታ እናሳያለን። ከመነሳታችን በፊት ደግሞ የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ሬንጀሮቹን፣ ድልድዩ አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ ጎርፍ ደጋግሞ ይወስደዋልና።