«ሲበስል ይምጡ»

የዓይን ሞራ ዘመቻ ላይ የሠራ ሰው ሰልፉን ያውቀዋል። ብሌኑ የነጣ ወደ ቀዶ ጥገና፣ የዓይን ፀጉሩ የተቀለበሰ ወደ ትራኮማው ጠረጴዛ፣ የቀረው ወደ ቤቱ።

እኚህ አባት በልጃቸው ተመርተው መጡ፤ ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ። ባትሪ ሳበራ ሁለቱም ብሌኖች ጥቁር ናቸው፤ ይህን ያህል የሚጋርድ ሞራ የለም። ቀኝ ዓይናቸው ብርሃን እንኳ አይለይም። ግራው ፊት ለፊት ጣቴን ይቆጥራል፤ እጄን ወደ ጎን ፈቀቅ ሳደርግ ይጠፋባቸዋል። ግፊቱን ለካን፦ ቀኙ 46፣ ግራው 38። ከ21 ሲያልፍ እንኳ እንጠረጥራለን። ሐኪሙ ውስጡን ሲያይ ነርቩ ገርጥቷል፣ ጎድጉዷል። ግላኮማ ነው።

«መቼ ነው የምትሠሩኝ ልጄ?»

«አባቴ፣ ይሄ ተገፎ የሚወጣ ሞራ አይደለም። የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ያኔ ለምን ይብሰል አሉኝ?» አሉ።

ነገሩን ልጃቸው ነገረኝ። ከ2 ዓመት በፊት ቀኝ ዓይናቸው ሲደክም አንድ ጤና ተቋም ወስዷቸው ነበር። «ሞራ ነው፣ ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ይምጡ» ተባሉ። ግፊት የለካቸው የለም። እሳቸውም እንደታዘዙት ጠበቁ።

እስካሁን ያንገበግበኛል። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ወረፋው በዝቶ ይሆናል፤ ይገባኛል። ግን ባትሪን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ብሌኑ እንዴት እንደሚጠብ ማየት፣ የነርቩን ጉዳት ለመጠርጠር፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞስ ለሞራም ቢሆን «ይብሰል» ያረጀ ምክር ነው። ዛሬ ሌንስ ይተከላል፤ እይታው ሥራ ካስተጓጎለ መጠበቅ አያስፈልግም። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው ሞራ፣ ከመቶ 5 ያህሉን ግላኮማ እንደሆነ አሳይቷል። ባለሙያው ሞራን ቢያስቀድም አይገርምም። ሞራ ግን ዘግይቶም ይሠራል፤ ግላኮማ ጊዜ አይሰጥም።

ልጁንም «ና ተቀመጥ» አልኩት። አርባዎቹን ያጋመሰ ጎልማሳ ነው።

«እኔ ምንም አላመመኝም እኮ።»

«አባትህንም አላመማቸውም።»

የዓይኑ ግፊት 27 ሆኖ ተገኘ። በዘር ስለሚሄድ ወንድም እህቶቹንም ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት።

ማታ ሪፖርት ስንሞላ አባትየው «ለቀዶ ጥገና ያልበቁ» የሚለው ውስጥ ገቡ። ልጁ ጭራሽ ቦታ አጣ። አስተባባሪያችንን የግፊት ዓምድ ይጨመር አልኩት፤ ቅጹ ከላይ የመጣ ነው አለኝ። ጠርዙ ላይ በእጄ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ በየዘመቻው ዕድሜው ከ40 ያለፈውን ሁሉ፣ አጅቦ የመጣውንም ጭምር እለካለሁ። ሰልፉ ዘገየ፣ የቀኑ ዒላማ አልሞላም እያሉ ይቆጡኛል፤ እኔም እለካለሁ።