የከሰለው ሬዚስተር

አምፕሊፋየሩ ባለሁለት ቻናል ነበር። ግራው ይሠራል፣ ቀኙ ድምፅ የለውም፤ የቀኙ ፊውዝም ሄዷል። ክዳኑን ስንከፍት የቃጠሎ ሽታ አፍንጫችንን መታን። ቦርዱ ላይ አንዲት ሩብ ዋት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገድብ ትንሽ ዕቃ) ከስላለች። ከሥሯ ያለው ቦርድ ሳይቀር ጠቁሯል።

መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትልልቅ ካፓሲተሮች በሬዚስተር አራገፍናቸው። እዚህ ላይ አልደራደርም። በካቻቪቴ ሾርት አድርጎ (ጫፎቹን በቀጥታ አገናኝቶ) ማራገፍ ዕቃውንም ሰውንም ይጎዳል።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የከሰለችውን ሬዚስተር መጠኗን የሚናገሩ የቀለም ቀለበቶች በአጉሊ መነጽር አየ። «ጋሼ፣ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር። 10 ኦም ናት» አለኝ።

«የተቃጠለ ቀለም አይታመንም» አልኩት። «ቡናማውም ሲከስል ጥቁር ይመስላል። ግራውን ቻናል እየው፤ መንታዋ እዚያ አለች።»

እውነትም አለች፤ ቀለሟም ጥርት ያለ ነው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፤ 100 ኦም ማለት ነው። ልጁ ግን በቴስተር ሲለካት 71 አነበበ። ግራ ተጋባ። ቦርድ ላይ እንዳለች ስትለካ ሌሎች ዕቃዎች በጎን መንገድ ስለሚሰጡ ንባቡ ይወርዳል። አንድ እግሯን ከብየዳው አላቀቅን፤ 99 ኦም ከምናምን መጣ። ስኬማቲኩ (የሰርኪዩቱ ንድፍ) ቢኖረን ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ልጁ ወዲያው አዲሷን 100 ኦም ይዞ መጣ። አስቆምኩት። እንዲህ ያለች ሬዚስተር ዝም ብላ አትከስልም። በ100 ኦም ላይ 40 ቮልት ቢያርፍ 16 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ሩብ ዋት የምትችል ዕቃ ይህን ከየት አምጥታ ትቻለው? ማን እንዳቃጠላት ሳናውቅ አዲስ ብንተካ እሷም ትከተላለች።

ስፒከሩን የሚነዱትን የውጤት ትራንዚስተሮች በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ ፈተሽን። አንደኛው ከኮሌክተር እግሩ ወደ ኤሚተር እግሩ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ አካባቢ አነበበ። ሾርት ሆኗል። ጥንዱን አንድ ላይ ቀየርን፤ ከፊታቸው ሆነው እነሱን የሚነዱትን ድራይቨር ትራንዚስተሮችም ለካን፣ ደህና ናቸው።

የከሰለውን ቦርድ እስኪነጣ ፋቅነው፣ በአልኮልም አጠብነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከሰል ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከተተወ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አዲሷን ሬዚስተር አየር እንዲያገኛት ከቦርዱ ትንሽ ከፍ አድርገን በየድናት።

ፊውዙን ቀይረን ስናበራው ግን በቀጥታ አላደረግነውም። በኃይል መስመሩ ላይ ኃይሉ በእሱ በኩል እንዲያልፍ የድሮ ዓይነት የሚግል አምፖል በተከታታይ አስገባን። አምፖሉ ደምቆ ከቆየ ሾርቱ አልጠፋም ማለት ነው። የኛው ቦግ ብሎ ወዲያው ደበዘዘ። ልጁ ስፒከሩን አነሳ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ዲሲውን ለካ» አልኩት። ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ቮልቴጅ) ከበዛ ስፒከሩን ያቃጥላል። በስፒከር መውጫው ላይ የተገኘው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። በኤሚተር ሬዚስተሮቹ ላይ ያለውንም ቮልቴጅ ከግራው ጋር አነጻጸርን፤ ተቀራራቢ ነው። አምፖሉን አውጥተን ዲሲውን ደግመን ለካን። ስፒከሩን ያገናኘነው ከዚያ በኋላ ነው።