ማንበብ ሳይችሉ አራተኛ ክፍል መድረስ

አንድ ልጅ አራተኛ ክፍል ደርሶ በሒሳብም በአካባቢ ሳይንስም ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ወላጅ «ልጄ ሰነፈ» ይላል፣ መምህሩም ቤተሰቡን ይወቅሳል። በታችኞቹ ክፍሎች የማስተምር እንደመሆኔ ግን የብዙዎቹ ችግር የሚጀምረው አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ንባብ ሳይዙ በማለፋቸው ነው ብዬ አምናለሁ። የሒሳብ ጥያቄም በጽሑፍ የሚቀርብ በመሆኑ፣ ማንበብ የተሳነው ልጅ ስሌቱን ቢችልም ምን እንደተጠየቀ አያውቅም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ችግሩ ተደብቆ የሚቆየው ልጆቹ ፊደል የቆጠሩ ስለሚመስሉ ነው። የፊደል ገበታውን ከዳር እስከ ዳር በዜማ የምትወጣው ተማሪ፣ ጣቴን ድንገት «ጌ» ላይ ሳሳርፍ ከ«ገ» ተነሥታ በቃሏ ካልቆጠረች አትደርስበትም፤ የያዘችው ቅደም ተከተሉን እንጂ የፊደሉን መልክ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ከ«ሀ ሁ» ቀጥለው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያሉ ተራውን ማፋለሳቸው፣ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ እንዲለይ ስለሚያስገድደው ዛሬም ልንይዘው የሚገባ ብልሃት ነው።

ይህን ለይቶ ለማወቅ ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ማስነበብ ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል ከ50 ተማሪ እንዳይበልጥ መለኪያ ቢወጣም፣ 70 ልጆች በተቀመጡበት ክፍል የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ለአንዱ ልጅ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጋር የመጣው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚደረግ ነፃ ዝውውር፣ ማለትም ተማሪን ክፍል ሳያስደግሙ ማሳለፍ፣ በመርሕ ደረጃ ተከታታይ ምዘናንና የማካካሻ ትምህርትን የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ ሲቀሩ ዝውውሩ ብቻውን ይቀራል፤ ጉድለቱም አራተኛ ክፍል ላይ ይገለጣል።

ረሃብም አለ። ቁርስ ያልበላ ልጅ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ዓይኑ ሠሌዳው ላይ ቢሆንም ልቡ እዚያ የለም፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ወደ ገጠሩም በስፋት እንዲደርስ የምመኘው ለዚህ ነው።

ወላጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ማታ ደብተሩን ብቻ አትዩ፤ መጽሐፉን ገና ካልተማረው ገጽ ገልጣችሁ አስነብቡት፣ ራሳችሁ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ከተንተባተበም ሳትቆጡ በማግስቱ ለመምህሩ ንገሩት።